ባሕር ዳር ላይ ሂተር ምን ይሠራል?

ባሕር ዳር ላይ ትራክተር ሲገዛ ሂተሩን ከፍቶ የሚሞክር ሰው አይቼ አላውቅም። ጎማ ይታያል። ሃይድሮሊኩ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። ጭሱ ጠቆረ፣ ነጣ እየተባለ ይከራከሩበታል። ጋቢና ያላት ከሆነች ደግሞ የሁሉም እጅ የሚሮጠው ወደ ኤሲው ነው። ኤሲው በደንብ ከቀዘቀዘ ሻጩ ዋጋው ላይ ይጠነክራል። ቀይ ምልክት ያለባትን የሂተር ማዞሪያ ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። አይፈረድም። በሚያዝያ ቀትር ጣና ዳር ቆሞ ማሞቂያ የሚሞክር ሰው፣ ሰው ይሰበሰብበታል።

እኔ ግን አሁን አሁን የሰው ትራክተር ላይ ስወጣ መጀመሪያ የምከፍተው ሂተሩን ነው። ሞተሩ ሠርቶ ሠርቶ ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ የሚያሳስበኝ የጋቢናው ምቾት አይደለም። ሞተሩ ነው።

የእኛዋ ትራክተር የቤተሰብ ናት። ያገለገለች ናት። ወንድሜ ተዋውሎ ገዛት፣ እኔ እነዳታለሁ፣ የእህቴ ልጅ ረዳት ነው። ሥራችን በአብዛኛው ሜዳ ላይ ነው። በመስኖ ወራት ወደ መራዊ፣ ቆጋ። በሌላው ጊዜ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ የፎገራ ሜዳ። ዋልካ መገልበጥ፣ ሩዝ ማመላለስ። እዚህ ሁሉ ቦታ ሂተር ትዝ አይልም። ሻጩም ያኔ ሲያሞግሳት «ይቺ ትራክተር ሙቀት የሚባል አታውቅም፤ መርፌዋ ከታች አይነሣም» ነበር ያለው። ወንድሜ ይኼን ሲሰማ ደስ አለው። ማንም ደስ ይለዋል።

ኅዳር ላይ ከፋርጣ በኩል ሥራ መጣ። የመስኖ ድንች የሚተከልበት መሬት ይገልበጥልን አሉ። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመኪና ምንም አይደል፣ ለትራክተር ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ወረታ ድረስ ሜዳ ለሜዳ ትሄዳለህ። ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፈህ መውጣት ትጀምራለህ። ዓለም ሳጋ ጫካ ስትደርስ አየሩ ሌላ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ከወዲያ ያይሃል። ከእሱ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ቀልድ አያውቅም።

በነገራችን ላይ ጋፋት እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ በሰው ጉልበት ከዚያ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ተጎትቷል። እኔ በናፍጣ ሞተር ላይ ተቀምጬ፣ ማረሻ ከኋላ አንጠልጥዬ ስለ ዳገቱ ማማረር ስጀምር ይኼ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ዝም እላለሁ።

እዚያው አደርን። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ሞተር አስነሥተን ገባን። ሁለት ሰው በተዘጋ ጋቢና ውስጥ እየተነፈሰ መስታወቱ ወዲያው በእንፋሎት ተሸፈነ። የማረሻውን መስመር ማየት አልተቻለም። የእህቴ ልጅ በጋቢው ጫፍ ይወለውላል፣ መልሶ ይከናነባል፣ እንደገና ይወለውላል።

«አጎቴ፣ ይቺ ሂተር የላትም እንዴ?»

«አላት።»

«ታዲያ ለማን አስቀምጠናት ነው?»

ከፈትኩት። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ግን ይበርዳል። ይሞቅ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ማረሻው መሬት ውስጥ ገብቶ ሞተሩ በደንብ ከሠራ በኋላም ያው ነው። ልጁ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበና «ዝጋው በናትህ፣ ኤሲ ነው የከፈትከው» አለ።

ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ተቃጥሎ ከሚወጣው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለወጠው በግምት ሲሶው ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ከፊሉን ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ተሸክሞ ራዲያተር ላይ ይጥለዋል። ሂተር ከዚህ ከሚጣለው ላይ ትንሽ ቀንሶ ለሰው የሚያካፍል ሌላ ትንሽ ራዲያተር ነው። ሁለት የጎማ ቱቦ አለው። አንዱ ሙቅ ውሃ ያመጣል፣ ሌላው ይመልሳል። ከጀርባው ፋን አለ። በቃ፣ ይኼው ነው።

ስለዚህ ቀዝቃዛ ከነፋ ጥያቄው አጭር ነው። ሞተሩ ራሱ አልሞቀም? ሞቆ ውሃው ሂተሩ ጋ አልደረሰም? ወይስ ደርሶ አየሩ አላገኘውም? ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። ዳሽቦርዱን ይፈታል፣ ፋኑን ያወጣል፣ ሽቦ ይቆርጣል። እኛ ጋ ግን ፋኑ እንደ ጉድ ይነፋል። አየር አልጎደለም። የጎደለው ሙቀት ነው።

የሙቀት መለኪያውን መርፌ አየሁት። ሥራ ላይ ያለ ሞተር፣ ጭነት ላይ ያለ ሞተር፣ መርፌው ግን ከሰማያዊው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሻጩ ያሞገሳት ይኼ ነው እንግዲህ። «ሙቀት አታውቅም» ማለት እውነትም አትሞቅም ማለት ኖሯል።

ሞተሩን አጠፋሁና ቱቦዎቹን ነካካሁ። ቺንጊያና ፋን በሚዞርበት አካባቢ ሞተር ሳይጠፋ እጅ አይሰደድም፤ ይኼን ለማንም መንገር ያለብኝ አይመስለኝም፣ ግን ጣት የሌላቸው ሾፌሮች አውቃለሁ። የቱቦዎቹ ነገር ቀላል ነው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው ደርሶ ተመልሷል፤ ጥፋቱ ከአየሩ ወገን ነው። ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይም አየሩን ወደ ሙቅና ወደ ቀዝቃዛ የምትመራው ትንሽ በር ተጣብቃለች። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው ገብቶ አይወጣም። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ከነጭራሹ አልመጣም። የእኛዎቹ አንዱ ለብ ያለ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነበሩ። ቱቦው ከሞተሩ ሲነሣ ያለችው ትንሽ መዝጊያ ደግሞ ዝገት በልቷት ግማሽ ላይ ቆማለች። የቀድሞዎቹ ሾፌሮች ለሜዳው ሙቀት ብለው ዘግተዋት ይሆናል። በፒንሳ ታግለን ከፈትናት። ለውጥ አለ፣ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መስኮት ገርበብ አድርገን፣ እየወለወልን፣ መሬቱን ጨርሰን ተመለስን።

ባሕር ዳር የምንሄድበት ጋራዥ ውስጥ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። «ፖሊ» የተማሩ ናቸው። ፖሊ ስል ፖሊ ቴክኒኩን ነው፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ የተቋቋመው፣ አሁን የዩኒቨርሲቲው አካል የሆነው። ሂተር ስላቸው ወደ ጋቢናው ይወጣሉ ብዬ ነበር። አልወጡም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አስጠበቁኝና የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱ። ገለበጡት። ላስቲኩን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ። ተሰነጣጥቋል።

«ይኼን አስቀምጠው» አሉኝ። «ወደ እሱ እንመለሳለን።»

ቀጥሎ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሡና እጃቸውን ራዲያተሩ ላይኛው ቱቦ ላይ አሳረፉ። ጤነኛ ሞተር ላይ ይኼ ቱቦ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻውን ይዞራል፣ ይሞቃል። የተወሰነለት ሙቀት ላይ ሲደርስ ቴርሞስታቱ፣ ማለት ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋው ትንሽ በር፣ ይከፈታል፣ ቱቦውም በአንድ ጊዜ ይግላል። የእኛው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሞተሩ ጋር እኩል ለብ እያለ መጣ።

«ቴርሞስታት የላትም።»

«ሳይፈቱ እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«እጄን አታይም?»

ብሎኖቹ ተፈቱ። ቤቱ ባዶ ነው። አንድ ሰው አውጥቶ ጥሎታል። ከላይ በጓርኒሲዮን፣ ማለት በማሸጊያው፣ ፋንታ ሲሊኮን ለቅልቆ ዘግቶታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ቴርሞስታት ማውጣት እኛ ጋ በሽታ ሆኗል። ሞተር ፈላ? ቴርሞስታቱን አውጣው። ውሃ ቀነሰ? አውጣው። አዲስ ተገዛ? ሳይፈላ አውጣው። ጋራዡ ውስጥ የነበረ አንድ የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሾፌር «እሱ ለፈረንጅ አገር ነው የተሠራው፣ እኛ ጋ ሙቀቱ መች አነሰ» ብሎ ሊያስረዳን ሞከረ። ሞተሩ ግን የውጭውን አየር አይጠይቅም። ፎገራም ይሁን ፋርጣ፣ ውሃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው በደንብ የሚሠራው። ከዚያ በታች ሲሆን ናፍጣው አጥርቶ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል። ነዳጁም ይጨምራል። ይኼ ሁሉ የሚሆነው መርፌው «ጤነኛ ነኝ» እያለ ነው። ሌላም አለ። አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን አቋራጭ መንገድ አብሮ ይዘጋል። እሱ ሲወጣ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከውሃው ብዙው ራዲያተር ሳይነካ እየተመለሰ ሞተሩ ጭራሽ ይብስበታል። እንዳይግል ብለህ አውጥተህ ታግለዋለህ።

የእኛዋም ቴርሞስታቷ የወጣው ፈልታ መሆን አለበት። ለመሆኑ መጀመሪያ ለምን ፈላች? አሁን ወደ ክዳኑ እንመለስ።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ነው የተማርነው። እሱ ባሕር ጠለል ላይ ነው። ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ከሆነ 91። የራዲያተር ክዳን ዝም ብሎ መክደኛ አይደለም፤ ግፊት ይይዛል። አንድ ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለህ ባሕር ዳር ላይም ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል። ያን ጊዜ በ94 ትፈላለህ። ሞተሩ ጭነት ላይ 90 የሚደርስ ከሆነ በእሱና በመፍላት መሃል የቀረው አራት ዲግሪ ነው። ሚያዝያ ላይ ፎገራ ሜዳ፣ የራዲያተሩ ክንፎች በሩዝ ገለባ ተሞልተው፣ አራት ዲግሪ ምን አላት?

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይመስለኛል። ትራክተሯ ሜዳ ላይ በእንፋሎት ተሸፍና ቆመች። ሾፌሩ ቴርሞስታቱን አወጣ። ሞተሩ ቀዘቀዘ። ጥፋቱ የክዳኑና የገለባው ነበር፤ ቅጣቱን የተቀበለው ቴርሞስታቱ ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። ሜዳ ላይ እስካለች ድረስ ደግሞ ማንም አላወቀም። ጉና ሥር ወጥታ ሂተሩ ሲከፈት ነው የወጣው።

አዲስ ክዳን በቁጥሩ አመሳስለን ገዛን። ቁጥሩ ክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ «ይኼም ይገጥማል» የሚለውን ባለሱቅ አትስሙት። መግጠምና ግፊት መያዝ ሁለት ነገር ነው። ቴርሞስታቱንም አገኘን፣ 82 የሚል የታተመበት። 82 ላይ መከፈት ይጀምራል ማለት ነው። ውስጡ ሰም አለ። ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ያብጣል፣ በሯን ይገፋል። መካኒኩ ሳይሞክሩ አይገጥሙም። ጋራዡ በር ላይ ሻይ ከምታፈላው እህት ብረት ድስት ተበደርን። ከሰሉ ላይ ጣድንና ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥለን፣ ቴርሞሜትር ጨምረን ከበብነው።

80 ላይ ዝግ ነው። 82 አለፍ እንዳለ በሯ ስንጥቅ አለች። ከዚያ ቀስ በቀስ። ውሃው መንተክተክ ጀመረ፣ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅ አለ። በሯም ለመጨረስ ጥቂት ቀርቷት ቆመች።

«ይኼ አይሠራም፣ ሙሉ አልተከፈተም» አለ የእህቴ ልጅ።

መካኒኩ ሳቁ። «የሚጨርሰው 95 አካባቢ ነው። እዚህ ድስት ውስጥ 95 ከየት ይመጣል?»

የሻዩዋ ባለቤት የጋይንት ደጋ ሰው ናት። ጣልቃ ገባች። «እኛ አገር ባቄላ ጥደህ ገበያ ደርሰህ ብትመጣ አይበስልም። እዚህ ስመጣ ነው ቶሎ ምግብ ማድረስ የቻልኩት። እናንተ ይኼን አሁን ነው የምታውቁት?» ልጁ ዝም አለ። ድስቷን አጥባ ወሰደች፣ በሰሙ ምክንያት ትንሽ ተነጫንጫለች። ሰሙ ተዘግቶ የታሸገ ነው ብለን ብንምልም አላመነችንም።

ቴርሞስታቱ ተገጠመ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ መርፌው ወደ መሃል ወጣ። ሂተሩ ግን አሁንም ለብ ከማለት አላለፈም። ቱቦዎቹን ስንነካ አንዱ የሚያቃጥል፣ ሌላው ቀዝቃዛ። ሙቀት መጥቷል፣ ማለፊያ ግን የለም።

ፈታነው። ሁለቱን ቱቦዎች ከሂተሩ ነቅለን በመመለሻው በኩል የቧንቧ ውሃ በቀስታ ሰደድን። በቀስታ ያልኩት በምክንያት ነው። ውስጡ ቀጭን ቱቦ ነው፤ በመኪና እጥበት ፓምፕ ብትመታው ይፈነዳል፣ ከዚያ የሚንጠባጠብ ሂተር ይኖርሃል። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ሳይሆን ጭቃ ነው። ቡናማ፣ ወፍራም፣ የዝገት ፍርፋሪ ያለበት። የየት ጭቃ እንደሆነ ለመገመት አዋቂ አያስፈልግም። ሜዳ ላይ ራዲያተር ሲጎድል ጀሪካን ይዞ ወደ ጉማራ ወይም ወደ ጣና መውረድ ነው ልማዱ። በክረምት የጉማራ ውሃ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቃል። ያ ደለል ሞተር ውስጥ ሲዞር ይከርማል፤ ፍሰቱ ቀስ የሚልበትና መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። ለዓመታት ያልተከፈተ ሂተር ደግሞ ከዚህ የተመቸ መኝታ አያገኝም።

ውሃው እስኪጠራ ድረስ፣ አንዴ በወዲህ አንዴ በወዲያ ሰደድን። ከዚያ ስንሞላው የተጣራ ውሃና ኩላንት ግማሽ በግማሽ አደረግን። ብዙ ሰው «ባሕር ዳር ውሃ አይረጋ፣ ኩላንት ምን ያደርጋል» ይላል። ኩላንት ለበረዶ ብቻ አይደለም። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ዲግሪም ከፍ ያደርጋል። በቀለሙ ግን አትመኑ። አረንጓዴ ነው ቀይ ነው ማለት ስለ ጥራቱ ምንም አይናገርም።

አሁንም ቀዝቃዛ ነፋ።

ልጁ ሳቁን መያዝ አልቻለም። መካኒኩ ግን ይኼን ይጠብቁት ነበር። የእኛዋ ሂተር ያለው ከመቀመጫው በታች ሳይሆን ጋቢናው ጣራ ውስጥ ነው። ከሞተሩም ከራዲያተሩም ከፍ ይላል። ውሃ ስትሞላ አየር ወደ ላይ ይሸሻል፣ ጣራው ላይ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፣ ውሃውን አላሳልፍ ይላል። መፍትሔው አየሩን ማስወጣት ነው። የሂተሩን መዝጊያ እስከ መጨረሻው ትከፍታለህ። የራዲያተሩን ክዳን በቀዝቃዛው ታነሣለህ። ሞተሩን አስነሥተህ ዙሩን ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ። ጣራው ላይ የመመለሻውን ቱቦ ማጥበቂያ በካቻቪቴ ላላ ታደርገዋለህ። አየሩ ፉት እያለ ይወጣል። ውሃ ብቻ መውጣት ሲጀምር ታጠብቃለህ። ከታች ያለው ሰው የጎደለውን ይሞላል። ሁሉም የሚደረገው ውሃው ሳይግል ነው፤ የጋለ ራዲያተር የከፈተ ሰው ፊት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

አፍንጫዋን ዳገት ላይ ብናቆማት ይበልጥ ይቀል ነበር፤ የራዲያተሩ አፍ ከፍ ስለሚል አየሩ መውጫ ያገኛል። ግን ባሕር ዳር ላይ ዳገት ከየት ይምጣ? ቤዛዊት ድረስ እንሂድ እንዴ ብለን ቀለድን። ጋራዡ ጓሮ የአፈር ቁልል ነበር። የፊት ጎማዎቿን እሱ ላይ አወጣናት። ያን ቀን ጣራው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፉጨቱ ቆመ፣ ውሃው እጄ ላይ ወረደ፣ አጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ከጋቢናው ውስጥ «ኧረ አቃጠለኝ!» አለ።

አየሩ በየቀኑ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። አየር ካወጣህ በኋላ ሂተሩ በነጋታው መልሶ ከቀዘቀዘ፣ ራዲያተሩም ውስጥ አረፋ ከታየ፣ የቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጓርኒሲዮን ተበልቶ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ነው መካኒኩ «ሥራባትና ደውልልኝ» ያሉኝ። ደወልኩ። ደህና ናት።

ይኼ ሁሉ ለአንድ ጠዋት ብርድ ነው ወይ ያለኝ ሰው አለ። አይደለም።

በቅርቡ የማውቀው ሾፌር ከወረታ ወዲያ ካለ ማሳ ደወለ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። መርፌው ወደ ቀዩ እየተጠጋ ነው ይላል፣ ሥራው ግን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ሊጨርስ ፈልጓል።

«ሂተር ክፈት» አልኩት።

«ምን?»

«ሂተር! እስከ መጨረሻው። ፋኑንም ከፍ አድርገው።»

ያበድኩ መሰለው። መርፌው ሲወጣ ሂተር መክፈት ግን የታወቀ ዘዴ ነው። ሂተሩ ሁለተኛ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ትንሽ ሙቀት ይቀንስለታል። ጋቢናው ውስጥ ትቀቀላለህ፣ ሞተሩ ግን ይተርፋል። እኔ ግን የፈለግኩት ቅናሹን ብቻ አይደለም።

«ምን ይነፋል?»

«ቀዝቃዛ ነው ባክህ። አይሠራም።»

«አሁን አጥፋ። አሁኑኑ።»

ሞተር ጋለ ሂተር ቀዘቀዘ ማለት ውሃው እየዞረ አይደለም ማለት ነው። ወይ የለም፣ ወይ ፓምፑ አይገፋውም። ሌላ ትርጉም ካለውም ቆመህ ነው የምታጣራው። መርፌው ብቻውን ይኼን አይነግርህም። እንዲያውም ውሃው ብዙ ከጎደለ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ባዶ አየር ላይ ይቀርና መርፌው መውረድ ሁሉ ይችላል። ሾፌሩ «በረደች» ብሎ ይቀጥላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ይኼኛው አጠፋ። ወረድ ብሎ ሲያይ የራዲያተሩ የታችኛው ቱቦ ከሥሩ ተቀድዷል፣ ውሃው ዋልካው ውስጥ ሰምጧል። ቱቦ ቀይሮ፣ ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ በነጋታው ሥራውን ጨረሰ። ሂተሩ የተበላሸ ወይም የተዘጋ ቢሆን ኖሮ የምጠይቀው ጥያቄ አይኖረኝም ነበር።

ለዚህ ነው ትራክተር የሚገዛ ሰው ሲጠራኝ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ ቀዩን ማዞሪያ የማዞረው። ሻጮች አይወዱትም። አንዱ «ወንድም፣ ደብረ ብርሃን ልትኖርባት ነው?» ብሎኛል። ሙቅ አየር ከመጣ ቴርሞስታቱ አለ፣ ውሃው ሙሉ ነው፣ ፓምፑ ይገፋል፣ ቱቦው አልተደፈነም። በአንድ እጅ ጣት ይኼን ሁሉ የሚነግርህ ሌላ ማዞሪያ ጋቢናው ውስጥ የለም። ካልመጣ ደግሞ አልገዛም አትልም፤ ዋጋ ታወርዳለህ።

እኛ ግን አሁን ሌላ ጣጣ ውስጥ ነን። ያቺ ዝገት በልቷት በፒንሳ የከፈትናት መዝጊያ አሁን አልዘጋ ብላለች። ኅዳር ላይ ማንም አላሰበበትም። ሚያዝያ ሲገባ ሙቅ ውሃው ጣራችን ላይ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፣ ኤሲው ከሥሩ እየታገለ ነው። የእህቴ ልጅ ጋቢውን ትቶ በካኔተራ ሆኗል፣ «አጎቴ፣ እሱን ሂተር ማን አስጠግኑ አላችሁ?» ማለት አላቆመም። አዲስ መዝጊያ ከአዲስ አበባ እንዲመጣ አዘናል። እስኪደርስ መስኮቱን ከፍተን እያረስን ነው፤ አቧራውም አብሮን ይገባል።